ዋግሹም ጎበዜና አንተ

ልጄ፣ የላክልኝን ንግግር የልጅ ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ለምርጫ መወዳደርህ ደግ ነው፤ ሰቆጣ ሰው ያስፈልጋታል። ነገር ግን ከንግግሩ ግማሹ የዘር ቆጠራ ነው፤ አያትህ ከማን፣ ቅድመ አያትህ ከየትኛው ዋግሹም። ቀሪው ደግሞ ማን ምን እንደበደለን። ፎቶግራፉንም አየሁት። ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ደጃፍ ላይ፣ የዋግሹሞቹ አስከሬን ካረፈበት ዓለት ፊት፣ ነጠላህን አጣፍተህ ቆመሃል። አምሮብሃል፤ ይህን አልነፍግህም። የልብህን ጥያቄ ያገኘሁት ግን ከወረቀቱ ግርጌ በእጅህ ከጫርከው ላይ ነው፦ «አባባ፣ ማን ነህ ቢሉኝ ምን ልበል? አገው? አማራ? የዋግሹም ዘር?»

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ይህ ጥያቄ ካንተ በፊት የጎዳውን የአገርህን ልጅ ላንሣልህ።

ጎበዜ የዋግሹም ገብረ መድኅን ልጅ ነበር። የዛጉዌ ወገን በ1262 ዓ.ም. መንግሥቱን ለይኩኖ አምላክ ሲለቅ ዋግ በርስትነት እንደቀረለት፣ ዋግሹም የሚባለው ሹሙም በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር ይቀመጥ እንደነበር አባቶቻችን ሲያወሩ ሰምተሃል። እንዲህ ባለ ቤት የተወለደ ልጅ ማን ነኝ ብሎ አይጠይቅም፤ ሌላው ይነግረዋል። የጨው ነጋዴው አሞሌውን ጭኖ ሰቆጣ ገበያ ሲደርስ ለማን እንደሚገብር ያውቃል፤ ገበሬውም ያውቃል፤ ልጁም እነሱን አይቶ ራሱን ያውቃል። ከዚያ ወደ 1850 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ቴዎድሮስ አባቱን ሰቀሉት። ጎበዜ የወንበር ልጅ መሆኑ ቀረና የገመድ ልጅ ሆነ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጎበዜም ሸፈተ፤ ዋግና ላስታ ተከተሉት። ልብ በል፤ የተበደለ መሪ ሰው ለመሰብሰብ ብዙ አይደክምም። ምን ልታደርግልን ነው የሚለው የለም፤ የአባቱ ደም ይናገርለታል። ንግግርህ ሲነበብ ያሰጋኝ ይኸው ነው፤ ጭብጨባው ቶሎ ይመጣልሃል።

ጠላቱንም ተመልከተው። ቴዎድሮስ የቋራው ካሳ በነበሩበት ዘመን መኳንንቱ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር ይባላል። የሚቆጥሩት ዘር ቢያንስባቸው የንግሥና ስማቸውን ከትንቢት አመጡ፤ ይመጣል የተባለው ቴዎድሮስ እኔ ነኝ አሉ። እጃቸው ከባድ ነበር፤ የዋግ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ስሙ ሥራ ይጠይቅ ነበር፤ እሳቸውም ይህን ሥራ ሲያሳድዱ ነው ያለቁት።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ቴዎድሮስ በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። ያሸነፋቸው እንግሊዝ ነው፤ ጎበዜ አይደለም። የጄኔራል ናፒየር ጦር በጎበዜ አገር ሲያልፍ ጎበዜ መንገድ ለቀቀ እንጂ አልተዋጋም። ብዙ ዘመን የአባቱን ደም ሊመልስ የኖረ ሰው ደሙን ሌላ መልሶለት አደረ። እንግዲህ በማግሥቱ ማን ነው? ልጄ፣ ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህች ማግሥት ናት። ጠላትህ ሲሞት ስምህንም ይዞ ይሄዳል።

ጎበዜ መልሱን ከግንድ ፈለገ። በአባቱ ዛጉዌ፣ በእናቱ ከሰሎሞን ወገን ይቆጥር ነበርና ዘሩ በሁለት በኩል ሙሉ ነው። ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነገሠ። ከነገሥታቱ ስም ሁሉ ይህን መምረጡ! ቀዳማዊው ተክለ ጊዮርጊስ ጎንደር ላይ ደጋግመው ነግሠው ደጋግመው የወረዱት፣ ሰው ፍጻሜ መንግሥት ያላቸው ናቸው። ዐባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።

ትግራይ ውስጥ ደግሞ ካሳ ምርጫ ነበር። እኅቱን ድንቅነሽን ጎበዜ አግብቶ አማቾች ሆነዋል። ካሳም ከሰሎሞን ይቆጥር ነበር፤ በዚህ አትታለል። ነገር ግን ቆጥሮ አልተቀመጠም። እንግሊዞች ሲመለሱ መድፍና ጠመንጃ ሰጡት፤ ኪርካም የሚባል እንግሊዛዊ ወታደሩን አሠለጠነለት። አቡነ ሰላማ ሞተው አገሩ ያለ ጳጳስ ሲቀር፣ ጎበዜ ጳጳስ ሳይቀባው ዘውድ ጫነ፤ ካሳ ግን ከግብፅ አቡነ አትናቴዎስን አስመጣ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጎበዜ 60,000 ያህል ነው የሚባል ሠራዊት ይዞ አማቹን ሊያስገብር ወደ ዐድዋ ወጣ፤ የካሳው 12,000 ገደማ ነበር ይላሉ። ሐምሌ 1863 ዓ.ም. አሳም ላይ ተሸነፈ፣ ተማረከ፣ በእስር ሞተ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ካሳ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ።

ያሸነፈው መድፉ ነው የሚሉህ አሉ፤ አልክድም። የኔ ፍርድ ግን ይህ ነው፦ ጎበዜ ዘውድን እንደ ርስት አየው፣ ካሳ እንደ ሥራ።

ወዳንተ ልመለስ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በዚህ ምድር በጦርነት የሆነውን እርሳ አልልህም። ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅሎ ሰቆጣ የከረመ ሰው ፊት ቆመህ ስለ ይቅርታ ብታወራ ይታዘብሃል፤ እኔም እታዘብሃለሁ። በደሉ ይነገር፣ ይጻፍ፣ ዳኛ ይየው። የመሪነትህ ሥር ግን አታድርገው። ነገ ሰላም ቢወርድ ምን ይዘህ ትቆማለህ?

አገው ነህ ወይስ አማራ ለሚሉህ ብዙ አትጨነቅ። እናትህ የረገመችህም የመረቀችህም በአገውኛ፣ በኽምጣንጋ ነው፤ የተማርከው፣ የተከራከርከው በአማርኛ ነው። አንዱን ካልጣልክ አናምንህም የሚልህ ሰው ካንተ የሚፈልገው ሌላ ነገር አለ። የዋግሹም ዘር ለሚሉህም፣ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ የዋግሹም ልጅ ነበሩ። ሰው ዛሬም የሚያነሣቸው ጣሊያንን ሲዋጉ ወድቀው አንገታቸው ስለተቆረጠ ነው፤ ስንተኛ ትውልድ እንደሆኑ የሚጠይቅ አልገጠመኝም።

እንግዲህ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው እንዳይሆንብህ ወረቀቱን እንደገና ጻፈው። የዘር ቆጠራውን አውጣና ለልጆችህ አስቀምጥላቸው። ፎቶግራፉን ከወደድከው ይኑር። በመጀመሪያው ገጽ ዝናብ ሲቀር የዝቋላና የሳህላ ከብት ውሃ ፍለጋ የት ድረስ እንደሚነዳ፣ ምን ልታደርግ እንዳሰብክና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ጻፍ። በሁለተኛው የኽምጣንጋ መምህራን ጉዳይ ይግባ። ዝቋላና ሳህላ ስትሄድ ንግግሩን በኽምጣንጋ ጀምረው፤ የከተማ አነጋገርህን ሰምተው ይስቁብህ ይሆናል፣ ይሳቁ። ከመሄድህ በፊት ግን እኔ ዘንድ ና፤ ስለ ውሃው የጻፍከውን ላድምጥ፣ የማይሆነውን እነግርሃለሁ።