ሽሮፕ አጠጥቶ ትምህርት ቤት መላክ

 

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው እንበል። አትላስ አካባቢ ካሉት አፓርታማዎች በአንዱ የሚኖር ቤተሰብ ነው። ሰርቪሱ ከታች ጡሩምባውን ይነፋል። የሰባት ዓመቱ ልጅ ግንባር እንደ ምጣድ ይፋጃል። እናቱ 2 ሰዓት ላይ ቢሮ መግባት አለባት፤ አባቱ ዛሬ የሚያቀርበው ሪፖርት አለው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ፈተና ላይ ነው። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ከመደርደሪያው ይወርዳል። ልጁ ይጠጣል፣ ላብ ላብ ይለዋል፣ ትኩሳቱም በረድ ይላል። «በል ቢስሚላህ ብለህ ውጣ፣ አላህ ያሽርሃል» ይባልና ቦርሳውን ያዝላል።

ይህን ከምታነቡት ውስጥ ገና ያልወለዳችሁ እንደምትበዙ አውቃለሁ። ግን ታናሽ ወንድሙን እስከ ሰርቪሱ የሚያወርደው ማነው? ኬጂ የምታስተምረዋ፣ ቢሮ ውስጥ የፈቃድ ወረቀት ላይ የሚፈርመው ማነው? እናንተው ናችሁ። ስለዚህ «እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ አትለፉት።

መድኃኒቱን መስጠት ነውር የለበትም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል። ጥያቄው ከሽሮፑ ቀጥሎ ያለው ነው። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ያወርዳል እንጂ ትኩሳቱን ያመጣውን በሽታ አያድንም። ኃይሉም ለአራት፣ ቢበዛ ለስድስት ሰዓታት ያህል ነው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ የተሰጠው ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እየደከመ ይሄዳል። ያኔ ልጁ በልጆች በተሞላ ክፍል ውስጥ ራሱን ዴስክ ላይ ደፍቶ ይንቀጠቀጣል። መምህርቷ ትደውላለች፤ የአባት ስልክ ሳይለንት ላይ ነው።

ኢማም ሙስሊም የዘገቡትን የገበያውን ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እህል ወደሚሸጥ ሰው መጡና እጃቸውን ክምሩ ውስጥ አስገቡ፤ ከላይ ደረቅ የነበረው ከሥር እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሰውየው ዝናብ እንደመታው ተናገረ። እሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ማታለልንም አጥብቀው አወገዙ። ዝናቡ የነጋዴው ጥፋት አልነበረም። የልጁ ትኩሳትም የእናትና የአባት ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ከላይ ደረቁን አድርጎ ማቅረቡ ላይ ነው። ሽሮፕ ጠጥቶ የተላከ ልጅ ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ ነው። መምህርቷ ጤነኛ መስሏት ከጓደኛው ጎን ታስቀምጠዋለች።

«ቀደር ነው፤ ያልተጻፈበት አይታመምም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በሽታ ያለ አላህ ፈቃድ በራሱ ኃይል አይተላለፍም። ነገር ግን ይህንን ያስተማሩን ነቢይ ራሳቸው፣ የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ጤነኛ ግመሎች ካሉት ሰው ዘንድ እንዳያመጣቸው ከልክለዋል፤ ሐዲሱ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘንድ ይገኛል። ለግመል እንዲህ ከተባለ ለሰው ልጅ ምን ሊባል ነው?

ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የተባለ ቦታ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፣ አንሷሮችን አማከሩ፣ ከዚያም የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠየቁና ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱላቸው። ቀጥሎም አንድ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ በምሳሌ አቀረቡ፤ ግመልህን የትኛው ላይ ብታሰማራ በቀደር ነው። ልጅን ቤት ማስቀረትም ቀደር ነው።

እኛም በዘመናችን ቀምሰነዋል። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በሀገራችን መገኘቱ ሲነገር ቀኑ ጁምዓ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ቆይቶም የረመዷንን ተራዊሕ ቤታችን ሰገድን። ያኔ ያስነጠሰ ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ይመስል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የሚያተኩሰው ልጅ እየሳለ ሰርቪስ ላይ ይጫናል። ሁለቱም ልክ አይደለም።

ለምሳሌ ኩፍኝን ውሰዱ። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን ቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል። በእነዚያ ቀናት የሚታየው ትኩሳት፣ ሳል፣ የሚፈስ አፍንጫና የቀላ ዓይን ብቻ ነው፤ ማንም «ጉንፋን ነው» ብሎ ያልፈዋል። ክትባቱ በሀገራችን የሚሰጠው በ9 ወር፣ ከዚያም በ15 ወር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ከልጃችሁ ጎን የምትቀመጠው ልጅ ቤቷ ውስጥ የአምስት ወር ሕፃን ወንድም ይኖራታል። ክትባቱ ገና አልደረሰለትም። እናቱን አታውቋትም፣ ቤቷ የት እንደሆነም አታውቁም። ሐቋ ግን ያ ሽሮፕ ማንኪያ ላይ ሲፈስ እጃችሁ ውስጥ ነበር።

እንዲህ ስል ያስነጠሰ ሁሉ ይቅር ማለቴ አይደለም። ትምህርትም የልጅ ሐቅ ነው፤ አፍንጫው ትንሽ የፈሰሰ፣ ግን የሚበላና የሚጫወት ልጅ ይሂድ። ያተኮሰው ያለ መድኃኒት አንድ ሙሉ ቀን ሳያተኩሰው ይዋል፤ ያስቀመጠው ወይም ያስመለሰው ካቆመለት በኋላ ሁለት ቀን ይቆይ። መጠጣት ያቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ትንፋሹ የፈጠነ ወይም ያንቀጠቀጠው ልጅ ደግሞ ጉዳዩ የትምህርት ቤት አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ሌላም ዓይነት ሕመም አለ። ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚመጣ የሆድ ቁርጠት። ቅዳሜና እሁድ ደህና የዋለ ልጅ ሰኞ ጠዋት ሆዱን ይዞ ያለቅሳል። ብዙ ቤት «ውሸታም» ይባልና እየተጎተተ ይወርዳል። ወላሂ አትቸኩሉ። የልጅ ሆድ ፍርሃትን አፉ ቀድሞ ሳይናገር ይናገራል። ምናልባት ሰርቪስ ላይ የሚመታው ትልቅ ልጅ አለ። ምናልባት ክፍል ውስጥ አንብብ ሲባል ይስቁበታል። እዚህ ላይ ቤት ማስቀረት መፍትሔ አይሆንም፤ ችግሩ እሱን ጠብቆ ማክሰኞ ይገኛል። አብሮት ሄዶ መምህሩን ማነጋገር ግን ይሆናል። ይህንን ደግሞ ከወላጅ ይልቅ የምትደርሱበት እናንተ ታላላቆቹ ናችሁ፤ ለአባቱ የማይነግረውን ለእናንተ ይነግራል።

ቤት ይቅር ከተባለ የሚከተለው ጥያቄ ማን ይቅርለት የሚል ነው። መልሱ ሁልጊዜ እናት ትሆናለች። ሁለቱም ደሞዝተኛ ሆነው፣ የእሱ ስብሰባ የማይነካ፣ የእሷ ግን የሚነካ የሆነው በየትኛው የሸሪዓ ድንጋጌ ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለልዩና አሳሳቢ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በዓመት 2 ጊዜ ያህል፣ ደሞዝ የማይከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። አዋጁ ለወንዱም ነው። ሱቅ ወይም ቢሮ ከፍታችሁ ሰው ያስቀጠራችሁ ወጣቶች ደግሞ፣ «ልጄ ታሟል» የምትላችሁን ሠራተኛ ፊታችሁን አታጥቁሩባት። ፊታችሁን ፈርታ ነው ሽሮፕ አጠጥታ የምትልከው።

ልጁን ለቤት ሠራተኛዋ ትቶ መውጣትም አለ። አንዳንዴ ግድ ይሆናል። ግን እሷም የሰው ልጅ ናት፤ ማታ ማታ ትምህርቷን የምትማር፣ ከእሱ ተላልፎባት ብትተኛ «ደግሞ አንቺ!» የምትባል። ምን ዓይነት ምልክት ሲታይ ለማን እንደምትደውል ንገሯት፤ የታክሲ ብርም በእጇ ይኑር። ሲመሽ ደግሞ ልጁን ተቀበሏት።

በሪፖርቱ ቀን ፈቃድ መጠየቅ ለከበደው አባት አንድ ነገር ላስታውስ። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ የበድር ዘማች የነበሩት ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ጁምዓ ቀን ታመሙ። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ይህን ሲሰሙ ረፋዱ ላይ ተነሥተው ወደ እሳቸው ጋለቡ። የጁምዓ ሰዓት ደረሰ፤ ጁምዓን ትተው ከታማሚው ዘንድ ሆኑ። ያ ሰው ሱንናን በመከተል ማንም የማይስተካከላቸው ኢብኑ ዑመር ናቸው። ፉቀሃዎችም ሌላ አስታማሚ የሌለው ታማሚ ያለበት ሰው ከጁምዓ ግዴታ ዑዝር እንዳለው ጽፈዋል። አላህ ከጁምዓው ፈቃድ የሰጠህን አንተ ከአለቃህ ለመጠየቅ አፈርክ?

ስለዚህ ዛሬ ቤቱ ውስጥ የሚያተኩሰው ልጅ ያለ፣ ከእሱ በቀር አስታማሚ የሌለው ወንድም ካለ፣ አይሳቀቅ። ዙህሩን አራት ረከዓ እዚያው አልጋው አጠገብ ይስገድ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለታመመ ቤተሰባቸው እንደሚያደርጉት ቀኝ እጁን ልጁ ላይ አድርጎ እያሻሸ፣ የሰዎች ጌታ ሕመሙን እንዲያስወግድለት ይለምን። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ለመምህርቷ ልጁ ለምን እንደቀረ፣ ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረው፣ ሽፍታ እንዳለውና እንደሌለው በግልጽ ይንገራት፤ ከጎኑ የምትቀመጠውን ልጅ እናት እንድታስጠነቅቅ።