ገመናን ስለ መሸፈን

በመርካቶ በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያልፍ ሰው በአንድ ወገን ሻጭና ገዥ፣ ተሸካሚና መንገደኛ ሲተራመስ፣ በሌላው ወገን ነዳያን እጃቸውን ዘርግተው ሲለምኑ ያያል። በዓሉ በሚከበርበት በመስከረም 1 ቀን ሕዝቡም ነዳያኑም ይበዛሉ። የከተማ ብዛት ለድኃ መጠጊያ ነበረ፤ በአገሩ ተከብሮ የኖረ ሰው ችግር ቢጥለው ማንም ስሙን ሳይጠይቀው ይለምናል፤ ሰጪውም ሳንቲሙን ሰጥቶ በሕዝቡ መካከል ይሰወራል።

ዛሬ ግን ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ በብዙ ሰው እጅ አለ። አንዳንዱ በቀኝ እጁ እንጀራ ሲሰጥ በግራው የተቀባዩን ፊት ቀርጾ በኢንተርኔት ይበትናል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህም በስልክ የሚላክ ምጽዋት ላኪውና ተቀባዩ ከገንዘቡ ልክ ጋር በመዝገብ ይቀራሉ። መዝገብ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነጋዴም ቤተ ክርስቲያንም ያለ መዝገብ ገንዘብ አይጠብቁም። ነገር ግን ለሒሳብ የሚጠበቅ መዝገብና ለውዳሴ ከንቱ የሚገለጥ ገመና አንድ አይደሉም።

«ይህን የምናደርገው ሌላው አይቶ እንዲመጸውት ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ችግሩ በመገለጡ ሕክምና ያገኘ በሽተኛ አለ። ይሁን እንጂ የተራበ ሰው «ላንሣህ ወይ?» ቢባል እንዴት እንቢ ይላል? እንጀራው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ሥዕሉ ግን ይኖራል፤ ልጁም አድጎ ያየዋል።

ሌሎችም «እግዚአብሔር ሁሉን ያያል፤ ታዲያ ምን የሚሸሸግ አለ?» ይላሉ። እግዚአብሔር ማየቱ እውነት ነው፤ ግን አይቶ ምን አደረገ? አዳም ከበደለ በኋላ ዕራቁትነቱን ያየው ጌታ ልብስ አለበሰው እንጂ ለመሳለቂያ አላቆመውም። የኖኅም ልጆች ሴምና ያፌት ወደ ኋላቸው እየሄዱ አባታቸውን ሸፈኑ፤ ካም ግን አይቶ አወራ። እንግዲህ ስልክ የያዘ እጅ ሁሉ ከሴምና ከካም አንዱን ይመርጣል።

መንግሥትም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥቷል። ሕግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሕግ በአደባባይ ሲፈርድ፣ ፍቅር አስቀድሞ በልብ ውስጥ እጅን ይይዛል።

ስለዚህ ካህናት አባቶች በንስሐ የሰሙትን እንደሚጠብቁ፣ እኛም ያየነውን እንጠብቅ። ለችግረኛ ርዳታ መለመን ግድ ቢሆን ችግሩን እንንገር፣ ፊቱን እንሸፍን። በደጀ ሰላሙ የተቀመጠው ነዳይ ከእኛ የሚሻው እንጀራ ብቻ አይደለም፤ ክብሩም እንዲጠበቅለት ይሻል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።