አሮጌ የሕፃን ዕቃ ለሌላ የሚያሳልፍ ሰው ስላለበት ዕዳ

አንዱ የተገለገለበትን ዕቃ ለሌላው ማሳለፍ የተመሰገነ ልማድ ነው። ለታላቁ ልጅ የጠበበው ልብስ ለታናሹ ይሆናል፤ ከዚያም ለጎረቤት ልጅ ይደርሳል። በዚህም የድኻው ወጪ ይቀንሳል፥ የባለጠጋውም ንብረት ከብክነት ይድናል። ነገር ግን የተላለፈው ዕቃ ሕፃኑን የሚጎዳ ቢሆን፥ የሰጠው ሰው «አላወቅሁም» በማለቱ ብቻ ከበደል ይነጻልን?

የልብስ ጉድለት በዓይን ይታያል። የሕፃን አልጋና የመኪና መቀመጫ ግን ጉድለታቸው በውስጥ የተሰወረ ነው። ለዚህም ነገሩ በሕግ ጭምር የተመረመረበት የአሜሪካ አገር ምሳሌ ይሆናል። በዚያ አገር እናት ብዙ ሳትጎነበስ ሕፃንዋን እንድታነሣ፥ አንድ ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ አልጋ ለብዙ ዘመን ይሠራ ነበር። ብሎኑ ሲላላ ወይም መያዣው ሲሰበር ግን ጎኑ ከፍራሹ ይለያል፤ ሕፃኑም በክፍተቱ ገብቶ ይታፈናል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ቢያንስ 32 ሕፃናት በዚህ ምክንያት መሞታቸው ታውቆ፥ ከጁን 28 ቀን 2011 ጀምሮ እንዲህ ያለውን አልጋ መሥራትም መሸጥም ተከለከለ። የመኪና መቀመጫም እንዲሁ ነው። በግጭት ጊዜ ከውጭ የማይታይ ስንጥቅ ሊያገኘው ይችላልና፥ መካከለኛ ወይም ከባድ ግጭት የደረሰበት መቀመጫ ዳግመኛ እንዳይሠራበት የዚያው አገር የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ይመክራል።

በ2008 የወጣውም ሕግ፥ በጉድለቱ ምክንያት ከገበያ እንዲመለስ የታዘዘውን ዕቃ አሮጌ ዕቃ ነጋዴ እንኳ እንዳይሸጠው ከልክሏል። ይሁን እንጂ ጎረቤት ለጎረቤት የሚሰጠውን ስጦታ ዳኛ ቆሞ አይመረምረውም። ሕግ በማይደርስበት በዚህ ስፍራ የሚፈርደው ኅሊና ብቻ ነው።

አንዳንዱ ሰው «የእኔ ልጅ ተኝቶበት አድጓል፥ ምንም አልደረሰበትም» ይላል። የአንድ ልጅ መዳን ግን ስለ ዕቃው ጤናማነት በቂ ምስክር አይደለም፤ ብሎኑ የሚላላው በመጀመሪያው ልጅ ሳይሆን በሦስተኛው ሊሆን ይችላልና። ሌላውም «ለድኻ ከምንም ይሻላል» ብሎ ይከራከራል። ይህ አነጋገር ርኅራኄ ቢመስልም፥ የድኻ ልጅ ነፍስ በጥቂቱ ትጠበቅ ማለት ነው። ድኻዋ እናት ጠንካራና ዝርግ ፍራሽ ያለው ተራ አልጋ ብታገኝ ይበቃታል፤ ያጌጠ ግን የሚያሰጋ ዕቃ አያስፈልጋትም።

ተቀባዩም መጠየቅ ይገባዋል፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና። ሆኖም የዕቃውን ታሪክ የሚያውቀው ሰጪው ስለ ሆነ የሚበልጠው ዕዳ በእርሱ ላይ ነው። መቼ እንደ ተሠራ፥ ግጭት አግኝቶት እንደ ሆነ፥ የጎደለ ብሎን ቢኖር ሳይጠየቅ መናገር አለበት። በዕቃው ላይ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር አይቶ፥ እንዲመለስ ከታዘዙት ዕቃዎች ዝርዝር ጋር ማመሳከር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በቀላሉ ሊታወቅ የሚችለውን ነገር ሳይመረምሩ «አላወቅሁም» ማለት ቸልተኝነት እንጂ አለማወቅ አይደለም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት በብዙ ነገር ቢረዳም፥ በዚህ ነገር ግን ዝምታ የሚነቅዝ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ ስለ ዕቃው ጤናማነት ሊመሰክር የማይችል ሰው አይሽጠው፥ አይስጠውም። የሚጥለውም ቢሆን አስቀድሞ ይሰባብረው፥ የመቀመጫውንም መታጠቂያ ይቁረጠው፤ በደጅ የተጣለውን ሌላ ወላጅ አንሥቶ ለልጁ እንዳያደርገው። ሕፃኑ የተኛበትን አልጋ ሊመረምር አይችልምና፥ ስለ እርሱ ሊመረምሩ የሚገባቸው አስቀድመው በእጃቸው የያዙት ሰዎች ናቸው።