ስለ ቃል ልክ፤ በፋሲል ግቢ ስለ ተነሣ ጥያቄ

ክርስቲያን የሆነ ነጋዴ ሚዛን ማጉደልና ክንድ ማሳጠር ኃጢአት መሆኑን ያውቃል፤ ቢያደርገው እንኳ ሌሊት ኅሊናው ይወቅሰዋል። ጨርቅ በክንድ ይለካ በነበረበት ዘመን፥ ገዢው ክንደ ረጅም ዘመዱን ይዞ ወደ ገበያ ይወጣ ነበር ይባላል፤ ሻጩም በበኩሉ ክንደ አጭሩን ልጁን ያስለካ ነበር ይባላል። ሜትር መጣና ይህ ክርክር ቀረ። ለቃል ግን ሜትር አልመጣለትም። ያለፈውን ዘመን ለማያውቅ የሚተርክ፥ የአባቶችን ቤት ለእንግዳ የሚያሳይ ሰው፥ ምን ያህል እውነት ቢሰፍር ነው ዕዳውን ከፈለ የሚባለው? ይህ ጥያቄ በዐውደ ምሕረት ወይም በጉባኤ ቤት የተነሣ አይደለም፤ የተነሣው በጎንደር በፋሲል ግቢ ውስጥ ነው፤ ያነሡትም አንድ የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው።

ነገሩም እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ በአዲስ ከተማ የሚኖሩ ሰባት ሰዎች ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍረው፥ ደብረ ማርቆስ አድረው፥ በሁለተኛው ቀን ጎንደር ገቡ። ከእነርሱም አንዱ በመርካቶ አርባ ዓመት ጨርቅ የሸጡ ሽማግሌ፥ አንዱ በዚያው ሰፈር ባለ ደብር የሚያገለግሉ መሪጌታ ነበሩ፤ የቀሩትም የነጋዴው ባለቤት፥ ልጃቸው፥ ትንሹ የልጅ ልጃቸውና ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። በማግሥቱ ጧት ወደ ግቢው ሲገቡ አንድ ወጣት አስጎብኚ ተቀበላቸው። ግቢው 900 ሜትር ያህል በሚሆን የድንጋይ ቅጥር የተከበበ፥ ዐሥራ ሁለት በር ያለው፥ በውስጡም የብዙ ነገሥታት ግንብ የሚገኝበት ስለ ሆነ፥ መሪ ሳይዝ የሚገባ ሰው ድንጋይ አይቶ ይወጣል እንጂ የማንን ቤት እንዳየ አያውቅም።

የወጣቱ አንደበት የለዘበ ነበር። በዐፄ ፋሲል ግንብ ፊት ቆሞ፥ ንጉሡ ለአደን ወጥተው ጎሽ ሲከተሉ ከዚህ ስፍራ እንደ ደረሱ፥ ባሕታዊ ተገልጦ ከተማቸውን በዚህ እንዲቆረቁሩ እንደ ነገራቸው፥ አስቀድሞም የመናገሻው ስም በ«ጎ» ፊደል እንዲጀምር መልአክ እንዳዘዘ፥ ከጎሹ ጋር አብሮ የሮጠ እስኪመስል ድረስ ተረከ። ግንቡን የሠሩትም ፖርቱጋሎች ናቸው አለ። ከዚያም ወደ አድያም ሰገድ ኢያሱ ግንብ ወስዶ፥ ጣሪያው የፈረሰውን፥ ሰማይ የሚታይበትን ቤት እያሳየ፥ ግድግዳው በዝሆን ጥርስ፥ በመስተዋትና በወርቅ የተለበጠ እንደ ነበረ ተናገረ። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ ይሰማ ነበር፤ ጎረቤቶቹም ባዶውን ግድግዳ በእጃቸው ይዳስሱ ነበር። ነጋዴው ግን፥

«ልጄ፥ እኒህ ንጉሥ እንዴት ሞቱ?» ብለው ጠየቁ።

«አረፉ፥ አባቴ» አለና ወደሚቀጥለው ቤት መራቸው።

በዚህ ጊዜ መሪጌታው ዐይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። አድያም ሰገድ ኢያሱ ከመንግሥታቸው ተገፍተው፥ ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በነገሠ ጊዜ፥ በ1699 ዓ.ም. በጣና ደሴት ላይ ከልጃቸው ወገን በሆኑ ሰዎች እጅ መገደላቸውን ያውቁ ነበርና። ያ ልጅም ሁለት ዓመት ያህል ቢነግሥ ነው፤ እርሱም በሰው እጅ ሞተ። የዝሆን ጥርሱን የሰማ ጆሮ ይህን ሳይሰማ ከግቢው ሊወጣ ነው።

የግንቡን ሠሪዎች በሚመለከትም ነገሩ ወጣቱ እንዳለው ቀላል አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ነግሠው የእስክንድርያን ሃይማኖት ያጸኑ፥ የኢየሱሳውያንን ካህናትም ከአገር ያስወጡ ንጉሥ ናቸው፤ ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ በኋላ በ1628 ዓ.ም. ነው። በ1640 ዓ.ም. ከየመን ኢማም ተልኮ የመጣው ሐሰን አል ሐይሚ ግንቡን በዐይኑ አይቶ፥ ሠሪው ሕንዳዊ እንደ ነበረ በጉዞ መጽሐፉ ጽፏል። ይህ ማለት ከፖርቱጋሎች የተገኘ ጥበብ ፈጽሞ የለበትም ማለት አይደለም፤ ድንጋዩን የጠረበው፥ ኖራውን የተሸከመው የአገሩ ሰው ተረሳ ማለትም አይደለም። እንግዲህ «ፖርቱጋሎች ሠሩት» የሚለውም፥ በቅርብ ጊዜ ደግሞ በቁጣ «የባዕድ እጅ አልነካውም» የሚለውም፥ ሁለቱም በአጭር ክንድ የሚለኩ ናቸው። ሁለተኛው አገር ወዳድ ስለሚመስል ብቻ ክንዱ አይረዝምም።

ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ ባሉ ጊዜ ሽማግሌው ጥያቄያቸውን አወጡ። «ልጄ፥ ጣፋጭ አድርገህ ነገርኸን፤ እግዚአብሔር ይስጥህ። ነገር ግን ከነገርኸን ውስጥ በሜትር የተለካው የትኛው ነው? በዐይን የተገመተውስ የትኛው ነው?»

ወጣቱ አልተቆጣም። ሁለት ነገር መለሰ። አንደኛው፥ «አባቴ፥ ሰው ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላትቶ የሚመጣው ደስ ሊለው ነው። ዓመተ ምሕረት ብቆጥርለት ከበሩ ሳይወጣ ይረሳዋል፤ ጎሹን ግን ለልጅ ልጁ ይነግረዋል» የሚል ነበር። ሁለተኛው፥ «የንጉሥን ደም ለእንግዳ መንገር የራስን ቤት ገመና ማውጣት ይመስለኛል» የሚል ነበር። ሁለቱም መልሶች የሚናቁ አይደሉም፤ ብዙ የተማሩ ሰዎችም ከዚህ የተሻለ መልስ የላቸውም።

ስለ መጀመሪያው እንናገር። የጎሹ ተረት ክፉ ነው የሚል ማን ነው? ተረቱ ራሱ የጎንደር ርስት ነው፤ አያቶች ለልጅ ልጅ ያወረሱት ነው። በመርካቶ የአትክልት ቅባትም ይሸጣል፤ ንጹሕ ምግብ ነው፥ ድኻም ወጡን ይሠራበታል፤ ኃጢአት የሚሆነው ቅቤ ተብሎ ሲሸጥ ነው። ተረቱም እንዲሁ ነው። ወጣቱ የበደለው ጎሹን በማምጣቱ አይደለም፤ ጎሹንና 1628 ዓ.ም.ን በአንድ ድምፅ፥ በአንድ ፊት፥ በአንድ ስልቻ ስለ ጨመራቸው ነው።

የሚገርመውም ይህን የመለየት ጥበብ ለመማር ሩቅ አገር መሄድ የማያሻው መሆኑ ነው። ጎንደር የአንድምታ አገር ናት፤ መምህር ኤስድሮስ ያስተማሩባት፥ የላይ ቤትና የታች ቤት ትርጓሜ የተለዩባት ከተማ ናት። የትርጓሜ መምህር አስቀድሞ ንባቡን ያነባል፤ ቀጥሎ ይፈታል፤ ሌላ ፍች ሲመጣ «አንድም» ብሎ ከፊተኛው ይለየዋል፤ ታሪክ ሲያመጣም ታሪክ መሆኑን አስታውቆ ያመጣዋል። «አንድም» የምትል አንዲት ቃል የስንት ሊቃውንትን ትሕትና ተሸክማለች! ፊተኛውን አታፈርስም፤ ኋለኛውንም አትክድም፤ ሰሚው ግን የቱ ከየት እንደ መጣ ያውቃል። በቅኔ ቤትም ቢሆን ደቀ መዝሙሩ ሰሙን ከታሪክ ሲያደርግ፥ ታሪኩ የተፋለሰ እንደ ሆነ፥ ወርቁ ምንም ቢያምር መምህሩ አያሳልፉትም። ይህ ሁሉ ከግቢው ቅጥር ውጭ በየደብሩ ጥላ ሥር ሲሠራበት የኖረ ነው፤ ወደ ግቢው ውስጥ ግን ከአስጎብኚው ጋር አልገባም።

ሁለተኛው መልስ ይከብዳል። ገመናን መሸፈን በጎ ምግባር ነውና፥ የአባቱን ዕርቃን የሸፈነ ልጅ መመረቁን ማንም ያውቃል። ነገር ግን ሰውን መሸፈንና ሰውን መቅበር አንድ አይደለም። አድያም ሰገድ ኢያሱ የተገደሉ ናቸው እንጂ የገደሉ አይደሉም፤ «አረፉ» ብሎ ማለፍ የእርሳቸውን ገመና ሳይሆን የገዳዮቻቸውን ይሸፍናል። ቤተ ክርስቲያን የሰማዕታትን መታሰቢያ ስታነብ የዲዮቅልጥያኖስን ስም አትደብቅም። በዝሆን ጥርስ የተለበጠ ቤት፥ አባት በልጁ ወገን እጅ እንዳይሞት አለማዳኑን ያልሰማ ጎብኚ፥ ያ ግንብ ካለው ነገር ሁሉ ዋናውን ሳይሰማ ሄደ። ግንቡ ራሱ ከዚያ በኋላ ስንት እንዳየም መናገር ይገባ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. ኢጣልያኖች በጎንደር ተከብበው ሳሉ፥ በእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ከተጎዱት ቤቶች አንዱ ይኸው የኢያሱ ግንብ ነው።

እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ወደ ነጋዴው ያደላ ይመስላል። ነገር ግን ወጣቱ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ «አባቴ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎስ በሱቅዎ መጀመሪያ የሚጠሩት ዋጋ እውነተኛው ዋጋ ነውን?» ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌው ፈጥነው መለሱ። በክርክር ገበያ የመጀመሪያው ዋጋ የመጨረሻው አለመሆኑን ሻጩም ገዢውም ያውቃሉ፤ ሁለቱ የሚያውቁት ነገር ማታለል አይባልም፤ ታሪክ የሚሰማ ሰው ግን የቱን ያህል መቀነስ እንዳለበት አያውቅም አሉ። መልካም መልስ ነው፤ ግን ቀዳዳ አለበት። ከገጠር ለመጀመሪያ ጊዜ መርካቶ የገባች ሴት የክርክሩን ሥርዓት አታውቅም፤ የተጠራላትን ከፍላ ትሄዳለች። መሪጌታው ይህን አላነሡም፤ ሌላ ነገር አነሡ።

«ወዳጄ፥ በመንገድ ላይ ለልጁ መርካቶን ያቋቋሙት ዐፄ ምኒልክ ናቸው ብለው ነገሩት እኮ።»

እውነትም ብለው ነበር። የቀድሞው ታላቅ ገበያ ግን በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ወደ ምዕራብ ወደ አሁኑ ስፍራ ያዛወሩትና በቋንቋቸው ገበያ ማለት በሆነው ስም የጠሩት ኢጣልያኖች ናቸው፤ ይህም አዲስ አበባን በያዙበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን የሆነ ነው። ሽማግሌው ይህን አርባ ዓመት በቆሙበት ስፍራ ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። የጠላት ሥራ ነው ለማለት አፋቸው ስለሚከብድ፥ ለልጁም የምኒልክ ስም ስለሚጣፍጥ ነው። ወጣቱን ያናገረውም ይኸው ነው።

እንግዲህ ዕዳው የተናጋሪው ብቻ አይደለም። ጣፋጩን ሲሰማ ጉርሻ የሚጨምር፥ «እርግጠኛ አይደለሁም» ሲባል ፊቱን የሚያዞር ሰሚ፥ የአጭር ክንድ ገዢ ነው። ሰባ ሰው ተከትሎት የሚጮኽ መሪ ቢሆን ኖሮ ጠያቂ አልተሰማም ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ ሰባት ሰው ሆኖ ዐይን ለዐይን እየተያዩ ሲሄዱ ግን፥ አለመጠየቅም የጎብኚው ፈቃድ ነው። ሽማግሌው ቢያንስ ጠየቁ፤ ስድስቱ አልጠየቁም፤ ያወቁት መሪጌታም ዐይናቸውን ወደ መሬት ከመጣል በቀር ለዚያ ለሕፃኑ ያደረጉለት ነገር የለም። የሚያውቅ ሰው ዝምታ ከማያውቅ ሰው ተረት ይልቅ ሳያስጠይቅ አይቀርም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቀሃ ወንዝ ወርደው፥ በፋሲል ስም ወደሚጠራው መዋኛ ደረሱ። ለከተራ ውኃው እየተሞላ ነበር፤ ሥሮቻቸው ቅጥሩን ያቀፉትን ዛፎች ሕፃኑ እየዞረ ይቆጥር ነበር። ወጣቱ በቅጥሩ አጠገብ ቆሞ፥

«ይህን ያሠሩት ዐፄ ፋሲል ናቸው ይላሉ፤ አንድም ከእርሳቸው በኋላ የነገሡ ናቸው የሚሉ አሉ» አለ።

ከጎረቤቶቹ አንዲቱ፥ «ታዲያ ካልታወቀ ለምን ትነግረናለህ?» አለችና ወደ ውኃው ዘወር አለች። ወጣቱ ወደ ሽማግሌው ተመለከተ። ሽማግሌው ከኪሳቸው ገንዘብ አውጥተው ይቆጥሩ ነበር፤ ጧት ካሰቡት ይጨምሩ ወይስ በዚያው ይተዉት እንደ ሆነ ገና አልቈረጡም ነበር።