ሐኪም ሁን የተባለው ዳርዊን

በ1825፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በእንግሊዟ ሽሩስበሪ ከተማ አንድ የ16 ዓመት ልጅ የድሃ ሕሙማንን ቤት እያንኳኳ ይዞር ነበር። ያየውን የሕመም ምልክት ሁሉ ይጽፋል፤ ቤት ሲገባ ለሐኪሙ አባቱ ያነብላቸዋል። አባት ያልጠየቀውን እየጠቆሙ የሚሰጠውን መድኃኒት ይነግሩታል፤ የሚቀምመው ግን ልጁ ራሱ ነው። በአንድ ወቅት ከደርዘን የማያንሱ ሕሙማን ነበሩት፤ ሥራውንም ወዶት ነበር። አባት ይህን ሲያዩ ተስፋቸው ለመለመ። ሐኪም የሚሳካለት በሽተኛው ሲያምነው ነው ባይ ነበሩ፤ ልጁን ደግሞ ሰው ያምነዋል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሕክምና እንዲማር ወደ ኤድንብራ ላኩት።

ልጁ ቻርልስ ዳርዊን ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያለ ዲግሪ ተመለሰ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወራው የሊቅን መንገድ ሊዘጋ ስለ ነበረ አባት ተደርጎ ነው። እኔ በዶክተር ሮበርት ዳርዊን ላይ እንዲህ በቀላሉ ለመፍረድ አልደፍርም። ልጃቸውን ሜዲስን ለማስገባት ዘንድሮ ላይ ታች ለሚሉ ወላጆች፣ ጥፋታቸውም ልክ የሠሩትም እኩል ያስተምራል።

ሮበርት ግዙፍ ሰው ነበሩ። ቁመታቸው ከ1 ሜትር ከ85 ይበልጣል፤ ክብደታቸው 150 ኪሎ አልፏል። በሽተኛ ከሩቅም ከቅርብም ይመጣላቸዋል። ግን ደም ማየት አይችሉም። ቻርልስ በስተርጅናው በጻፈው የሕይወት ታሪክ እንደሚነግረን፣ አባቱ ሙያቸውን መጀመሪያ ላይ ክፉኛ ጠልተውት ነበር። ለዕለት ጉርስ የሚሆን ጥቂት ነገር ቢኖራቸው ወይም አባታቸው ምርጫ ቢሰጧቸው ኖሮ ሐኪም እንደማይሆኑ ራሳቸው ለልጃቸው ነግረውታል። የቀዶ ሕክምና ነገር ሲነሳ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ያንገሸግሻቸው ነበር።

ምርጫ የነፈጓቸው አባት ደግሞ ስመ ጥሩው ሐኪምና ባለቅኔ ኢራስመስ ዳርዊን ናቸው። የኢራስመስ የበኩር ልጅ፣ ስሙ እሱም ቻርልስ፣ በዚያው በኤድንብራ ሕክምና ሲማር አስከሬን በሚከፍትበት ጊዜ እጁን ቆርጦት፣ ቁስሉ መርዞበት በ1778 ሞተ። ገና 20 ዓመት አልሞላውም ነበር። ያን ጊዜ ሮበርት 12 ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ልጅ ናቸው። የሟቹ ወንድማቸው ዕጣ ለሳቸው ተረፈ፤ በኋላም ለወለዱት ልጅ የሟቹን ስም ሰጡት፣ አድጎ ሲደርስ ሟቹ ወደ ተማረበት ከተማ ላኩት።

በግድ ያለፉበትን መንገድ ለልጅ መምረጥ ጭካኔ ይመስላል። እኔ ግን ጭካኔ አልለውም። ሰው ጠልቶ በጀመረው ሥራ ሲከበርና ቤቱን ሲያቆምበት ጥላቻው ኋላ ላይ የልጅነት ሞኝነት ሆኖ ይታየዋል፤ እኔ ከቻልኩት ልጄ ያቅተዋል? ይላል። እኛ ዘንድ የሚበዛው ሌላው ዓይነት ነው፦ ሕክምና ፈልጎ ሌላ ትምህርት የደረሰው፣ ወይም ጦርነትና ስደት ከመንገድ ያስቀረው ወላጅ። ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት እየሠራ ልጁን ያሳደገ አባት "ዶክተር ትሆኛለሽ" ሲል የራሱን ያልተኖረ ሕይወት ነው የሚያወራው። ሁለቱም ፍቅር ነው። ሁለቱም ልጁ ውስጥ የሚያዩት ራሳቸውን ነው።

የሽሩስበሪው ልምምድ ግን መልካም ነገር ነበር፤ አሁን የአሜሪካ ሜዲካል ስኩሎች ከአመልካች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፣ ከበሽተኛ አጠገብ ቆሞ ማየትን። ችግሩ ልጁ ያየው ሕክምና አባቱ የሚወዱትን ግማሽ ብቻ መሆኑ ነው። ወሬ፣ እምነት፣ ሽሮፕ። ዛሬም ሐኪም ወላጅ ልጁን ወደ ራሱ ክሊኒክ ይዞ ሲሄድ፣ ነርሷ ወንበር ስትስብለት፣ በሽተኛው ሲመርቀው፣ ያ ልጅ ሙያውን አየ ለማለት ይከብዳል። የማያውቁት ሰዎች ዘንድ፣ ማንም "የእገሌ ልጅ" በማይልበት ድንገተኛ ክፍል አንድ ሌሊት ቢያድር ይሻለው ነበር።

ኤድንብራ ላይ የቀረው ግማሽ መጣ። ስለ መድኃኒቶች የሚሰጠው ትምህርት በክረምት ብርድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይጀምራል፤ የአናቶሚው መምህር ትምህርቱን እንደ ራሳቸው ደረቅ አድርገውት ነበር። ከሁሉም የባሰው ቀዶ ሕክምናው ነው። ቻርልስ ሁለት ጊዜ ገብቶ አየ፤ አንደኛው በሕፃን ላይ የተደረገ ነው። ክሎሮፎርም እዚያው ኤድንብራ ውስጥ ለማደንዘዣ የዋለው በ1847 ስለሆነ፣ ያን ጊዜ በሽተኛው እየሰማና እያየ ነው የሚቆረጠው። ቻርልስ ሁለቱንም ጊዜ ሳያልቅ ወጥቶ ሮጠ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

የባሕር እንስሳት ለቀማውን ግን ወደደው። ከባርነት ነፃ ከወጣ፣ ጆን ኤድመንስተን ከሚባል ጥቁር ሰው የወፍ ቆዳ ገፎና ሞልቶ ማቆየትን ተማረ፤ በተማሪዎች ማኅበር ፊት ቆሞ በጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት ላይ ያየውን አቀረበ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ለአባቱ "ሕክምና አልሆነልኝም" አላለም። አባት ነገሩን የደረሱበት ራሳቸው ጠርጥረው ወይም ከሴት ልጆቻቸው ሰምተው ነው። ዝም አይነቅዝም በሚባልበት ቤት ያደገ አንባቢ ይህን በደንብ ያውቀዋል፦ እውነቱ በእህት በኩል፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ለእናት ተነግሮ ነው ሳሎን የሚደርሰው። የዳርዊን እናት ግን በ1817 ሞተዋል፤ የቀሩት እህቶቹ ነበሩ።

ሌላም ያልተነገረ ነገር ነበር፤ ገንዘብ። ቻርልስ ከትንንሽ ምልክቶች ተነስቶ አባቱ ተመችቶት የሚኖርበት ሀብት እንደሚተዉለት ገመተ፤ ይህ ግምት ሕክምናን በትጋት የመማር ፍላጎቱን እንደ ገደለው ራሱ ጽፏል። የእኛ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚገምቱት ተቃራኒውን ነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ በነሱ ትከሻ ላይ እንደ ተንጠለጠለ። በሁለቱም በኩል ግምቱ ቁርጥ ያለ ንግግርን ተክቶ ይሠራል። ወላጅ በማመልከቻ ሰሞን ሊያደርገው ከሚችለው ሁሉ የሚበልጠው ቁጭ ብሎ ያለውንና የሌለውን መናገር ይመስለኛል። ብዙ የአሜሪካ ሜዲካል ስኩሎች ከራሳቸው ገንዘብ እርዳታ ለመስጠት፣ አመልካቹ ራሱን የቻለ ሰው ቢሆንም እንኳ የወላጆቹን ገቢ ይጠይቃሉ። ያ ቅጽ በእርግጥ የወላጅ ነው።

ሌላው ግን የወላጅ አይደለም። አምካስ በሚባለው የጋራ ማመልከቻ ላይ ለምን ሐኪም መሆን እንደ ፈለገ የሚያስረዳበት ጽሑፍ ባዶ ቦታውን ጨምሮ ከ5,300 ፊደል አይበልጥም፤ የራሱ ጽሑፍ መሆኑንም አመልካቹ ያረጋግጣል። እናት አርማው፣ አጎት አሳምሮት የሄደ ጽሑፍ ቃለ መጠይቁ ላይ ይጋለጣል፤ እዚያ የሚገባው ልጁ ብቻውን ነው። ትምህርት ቤቱ ጋ ስልክ ደውሎ "የልጄ ነገር ምን ደረሰ?" ማለት ደግሞ ልጁን ከማሳፈር በቀር የሚያመጣው የለም። አገር ቤት ነገሩ ይለያል። አሜሪካ ውስጥ አመልካቹ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ወይም ሊይዝ የተቃረበ ሰው ነው፤ እኛ ጋ ምርጫው ከ12ኛ ክፍል በኋላ ብዙም ሳይቆይ በውጤት ስለሚወሰን፣ ከኤድንብራው ቻርልስ በዕድሜ ብዙ ያልራቀ ልጅ ላይ ነው የሚወድቀው። ውጤቱ ስለ ደረሰ ብቻ "ሜዲስን ይሙላ" የሚባል ልጅ ስንት ነው!

ዶክተር ሮበርት ከኤድንብራው በኋላም ቶሎ አልተማሩም። ሐኪም ካልሆነ ቄስ ይሁን ብለው በ1828 ካምብሪጅ አስገቡት። ልጁ በ1831 እንደ ጨረሰ፣ ቢግል በምትባል መርከብ ዓለምን እንዲዞር የሚጋብዝ ደብዳቤ ደረሰው። አባት አልወደዱትም። ለቄስ አይመጥንም፣ ቅዠት ነው፣ ሌላ ሰው እንቢ ያለው ምክንያት ቢኖረው ነው፣ ሙያ ለመቀየር ስንተኛ ጊዜህ ነው... ተቃውሟቸው ስምንት ነጥብ ይወጣዋል። ቻርልስም ግብዣውን አልቀበልም ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላይ ግን አባት አንድ በር ክፍት ተዉ። አስተዋይ የሆነ አንድ ሰው ሂድ ብሎ የሚመክርህ ካገኘህ እፈቅዳለሁ አሉት። ቻርልስ አጎቱ ጆሳያ ዌጅውድ ዘንድ ሄደ፤ የአባቱን ስምንት ነጥቦች በወረቀት ዘርዝሮ ሰጣቸው፣ አጎቱም አንድ በአንድ በጽሑፍ መለሱላቸው። በማግስቱ ወደ ሽሩስበሪ አብረው ተጓዙ። በእኛ ወግ ሽማግሌ ይዞ ገባ የሚባለው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ሽማግሌውን የጠሩት ራሳቸው ተቃዋሚው አባት መሆናቸው ነው። አቋማቸውን አልደበቁም፣ ዳኝነቱን ግን ለሌላ ሰው ሰጡ። ሲሸነፉም አላኮረፉም፤ ለሁለት ዓመት የታሰበውና አምስት ዓመት ሊሞላ የተቃረበው ጉዞ ወጪው ከሳቸው ኪስ ነው የወጣው። ቻርልስ ሊያጽናናቸው ብሎ መርከብ ላይ ከተቆረጠለት በላይ ለማባከን እጅግ ብልህ መሆን ይጠይቃል ቢላቸው፣ ብልህ ነው እያሉ ይነግሩኛል ብለው ፈገግ አሉ።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ለወላጆች የሚያጽናና ይመስለኛል። ቻርልስ ሲያረጅ የተጸጸተው ሕክምናን በመተዉ አይደለም። የተጸጸተው አስከሬን መክፈትን እንዲለማመድ አጥብቆ የገፋው ሰው ባለመኖሩ ነው፤ ቢገፉት ኖሮ ጥላቻው ቶሎ በለቀቀው ነበር ይላል። ከባሕር ዐለት ላይ የሚጣበቁ ፍጥረታትን እየከፈተ ስምንት ዓመት ሲሠራ ያ ችሎታ ጎድሎታል። ሙያውን በልጁ ላይ የጫኑ አባት፣ ልጁ በጀመረው ትምህርት ውስጥ አንዱን አስቸጋሪ ነገር እስኪለምደው አልገፉትም። እኔ ብሆን የምለው፦ የልጅን ሙያ አትምረጡ፤ አናቶሚ ከጀመረ ግን ከበደኝ ብሎ በሦስተኛው ሳምንት ሲያቋርጥ ዝም አትበሉት።

የቻርልስ ልጅ ፍራንሲስም ሕክምና ተማረ፤ እሱ ጨረሰው። ሐኪም ሆኖ ግን አልሠራም፤ ከአባቱ ጋር የእፅዋትን እንቅስቃሴ ሲያጠና ቆይቶ በ1880 በወጣው መጽሐፍ ላይ ስሙ በረዳትነት ሰፈረ።