ሥቃይን የመቅረጽ መብት

የሰውን ሥቃይ በካሜራ ማንሣት መቼ ምስክርነት፣ መቼስ ድፍረት እንደሚሆን መለየት የፊልምን ጥበብ ከግብረ ገብ ፍልስፍና ጋር ፊት ለፊት የሚያገናኝ ጥያቄ ነው። ጥያቄው በአጭር ፊልም ላይ ይበልጥ ይከብዳል፤ አጭር ፊልም፣ ማለትም በተለምዶ ከ40 ደቂቃ የማይበልጥ ራሱን የቻለ ሥራ፣ የባለታሪኩን ሕይወት ከሥር ከመሠረቱ ለመተረክ ጊዜ ስለሌለው ተመልካቹን ከማያውቀው ሰው ፊት ጋር በድንገት ያፋጥጠዋልና።

ኢራናዊቷ ባለቅኔ ፎሩግ ፋሮክዛድ በ1962 እ.ኤ.አ. በታብሪዝ አቅራቢያ በሚገኘው የባባባጊ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር በ12 ቀናት የቀረጸችው፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው «ቤቱ ጥቁር ነው» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ጥያቄውን በድፍረት ይጋፈጠዋል። ከፊልሙ የመጀመሪያ ምስሎች በአንዱ አንዲት ሕመምተኛ የራሷን ፊት በመስተዋት ስታይ ትታያለች፤ ስለዚህም ተመልካቹ የሚያያት እርሷ ራሷን ካየች በኋላ፣ በእርሷው ዕይታ በኩል ነው።

የፊልሙ ጥልቀት ግን ይበልጥ የሚገለጠው በኤዲቲንግ፣ ማለትም የተቀረጹ ምስሎችንና ድምፆችን መርጦ በማያያዝ ሥራ ነው። በመማሪያ ክፍል ልጆች እጅን፣ ዓይንንና ጆሮን ስለ ፈጠረ አምላክን የሚያመሰግን ምንባብ ሲያነቡ ድምፃቸው ይሰማል፤ ምስሉ ደግሞ ደዌ የነካውን ገጻቸውን ያሳያል። ይህ አቀማመጥ በምስጋናው አያፌዝም፣ ሥቃዩንም በምስጋና አይሸፍነውም፤ በመዝሙረ ዳዊት ውዳሴና ሰቆቃ ጎን ለጎን እንደሚኖሩ ሁሉ ሁለቱንም ሳያስታርቅ ያቆማቸዋል። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀን ዝም ብለው ከእርሱ ጋር ሲቀመጡ አልተወቀሱም፤ የተወቀሱት የመከራውን ምክንያት እናውቃለን ብለው ማስረዳት ከጀመሩ በኋላ ነው።

ከፎሩግ ቅኔያዊ ንባብ ሌላ በፊልሙ የሚሰማው የወንድ ድምፅ የሥጋ ደዌ በሕክምና የሚድን በሽታ መሆኑን በደረቅ ቋንቋ ይናገራል። ብዙዎች ይህን ክፍል ለቅኔው እንቅፋት አድርገው ሊያዩት ይችላሉ፤ ነገር ግን ከፊልሙ ሁሉ ታላቁ ፍርድ ያለው እዚህ ላይ ነው። በሽታው የሚድን ከሆነ፣ የሕሙማኑን በር የዘጋባቸው የሰው ፍርሃትና ቸልተኝነት እንጂ ፈጣሪ አይደለም፤ ስለዚህም «አምላክ ለምን ፈቀደ?» የሚለው ጥያቄ እንደ ጸሎት ክፍት ሲቀር፣ «በሩን ማን ዘጋው?» የሚለው ግን ግልጽ መልስ ያገኛል፤ ተመልካቹም ከኃላፊነቱ የሚሸሽበት መንገድ ያጣል። ፊልሙ ሕሙማኑን የማሳየት መብት ካለው፣ መብቱ የመነጨው ከዚህ እንጂ ከምስሉ ውበት አይደለም።

ሕሙማኑ በተዘጋ መንደር እየኖሩ «አልቀረጽም» ለማለት ምን ያህል ነፃነት ነበራቸው የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ የትኛውም የኤዲቲንግ ጥበብም አያስወግደውም። ተቃውሞውን ባይመልስም፣ የፎሩግና የሕሙማኑ ግንኙነት በካሜራው አላበቃም፤ ከቀረጻው በኋላ በመንደሩ ከሚኖሩ ሕሙማን ወላጆች የተወለደ አንድ ልጅ በማደጎ ወስዳለች።