ልክ ያለው ከፍታ

የሰው ልጅ ከፍ ማለትን ይወድዳል። ይህ ፍቅር በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ቀና ብሎ እንዲሄድና ሰማይን እንዲመለከት አድርጎ የፈጠረው አምላክ ነውና። ይሁን እንጂ ከፍታን መሻት እስከ የት ድረስ ትሩፋት እንደሚሆን፣ ከየትስ ጀምሮ ወደ ውዳሴ ከንቱ እንደሚለወጥ ለመለየት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በየዘመኑ ደክመውበታል። እኔ ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ በዋግ ኽምራ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ከሚነሣ፣ ሥጋዊ ከሚመስል አንድ ጉዳይ ተነሥቼ ልመረምረው ወድጃለሁ፤ ይኸውም ዕድሜ የጠገበ ላንድክሩዘር ያለው ሰው መኪናው የአገሩን ድንጋይና ገደል እንዲችልለት ባሌስትራውን ምን ያህል ያስነሣው፣ ጎማውንስ ምን ያህል ያተልቀው የሚለው ነው።

ይህ ለከተማ ሰው የጌጥ ጥያቄ ሊመስለው ይችላል፤ ለዋግ ሰው ግን የእንጀራና የነፍስ ጥያቄ ነው። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብላ ከተቀመጠችው ከሰቆጣ ተነሥቶ ወደ ዝቋላ፣ ወደ ሳህላ ወይም ወደ አበርገሌ የሚወርድ መንገደኛ የደጋውን ብርድና የተከዜን ሸለቆ ሐሩር በአንድ ጕዞ ያያል፤ በበጋ ስለታም ድንጋይ፣ በክረምት ደራሽ ውኃ ይጠብቀዋል። ቶዮታ ዛሬም በገጠሩ የሚታየውን «70» የተባለውን የላንድክሩዘር ዐይነት መሥራት የጀመረው በ1977 ዓ.ም. ነበር፤ ያው ዓመት ለዋግና ለአጎራባቾቹ የረኀብ ዓመት ሆኖ፣ ወደ ኮረም የተሰደደው ሕዝብ እህል ጭኖ የሚደርስለትን መኪና በዐይኑ ሲማትር የከረመበት ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃልም በሰቆጣ ከተማ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሏል፤ ነገር ግን ክትባቱንና አልሚ ምግቡን ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ የሚደርስ መኪና ከሌለ ቃሉ በወረቀት ላይ ይቀራል። እንግዲህ በዚህ አገር ስለ ጎማ ማሰብ ስለ ባልንጀራ ማሰብ መሆኑን የሚጠራጠር አይኖርም።

ስለ ምግባር ከመናገር በፊት ባሕርይን ማወቅ ይገባልና፣ አስቀድመን የነገሩን ጠባይ እንመልከት። መኪናን ከመሬት ማራቅ ሁለት መንገድ አለው፤ ብዙ ሰው ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ባሌስትራ ቢደረብ ወይም ሞላ ቢረዝም ከፍ የሚለው ሻንሲውና በላዩ ያለው አካል ነው፤ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ሆኖ ከድንጋይ ጋር የሚጋጨው ዲፈረንሻል ግን ከነበረበት ንቅንቅ አይልም። እርሱን የሚያነሣው የጎማው ቁመት ብቻ ነው፤ ያውም ጎማው ከጨመረው እኩሌታውን ያህል። ለምሳሌ በ16 ኢንች ቸርኬ ላይ የሚገባው 265/75 ጎማ ቁመቱ ወደ 804 ሚሊሜትር ነው፤ በ285/75 ቢለወጥ ወደ 834 ይደርሳል። ስለዚህ ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ የገዛው የ30 ሚሊሜትር ጭማሪ ከዲፈረንሻሉ በታች ሲለካ 15 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ይገኛል። ባሌስትራውን ያስነሣ ሰው ደግሞ ያተረፈው ሌላ ነው፤ ገደል ሲወጣና ሲወርድ የመኪናው ፊትና ኋላ መሬት አይነካም፣ ጎማውም ከፓራፋንጎው ጋር ሳይፋቅ የሚዞርበት ስፍራ ያገኛል።

ትርፉ ይህ ከሆነ ዋጋውስ ምንድር ነው? ሻንሲው ሲነሣ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያወርደው ዘንግ ከቀድሞው ይልቅ ያዘነብላል፣ ክሮቼራውም ሳይቆይ ያልቃል፤ ወደ ጎማው የሚወርደው የፍሬን ቱቦ ይወጠራል፤ ከ1991 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ተሠሩት የፊት እግሩ በሞላ የቆመ ከሆነም መሪው በራሱ ወደ መሐል የመመለስ ጠባዩ ይደክማል። የጎማው ዋጋ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በብዙዎቹ አሮጌ ላንድክሩዘሮች ላይ የሚገኘው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ቱርቦ የሌለው በመሆኑ፣ በሰቆጣ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በባሕር ጠረፍ ከነበረው ጕልበቱ ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን ገና ሳይጫን አጥቷል። በዚህ ላይ ጎማው ሲተልቅ ማርሾቹ ሁሉ እንደ ከበዱ ይቈጠራሉ፤ አቀበቱ ይጠናበታል፣ ቍልቍለቱ ላይም ፍሬኑ ያንኑ መኪና ለማቆም የበለጠ ይደክማል፤ የፍጥነት መቍጠሪያው 80 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 83 ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የሚዛን ነገር ነው። በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 150 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ የክብደቱ ማእከልም ከመሬት 75 ሴንቲሜትር የሆነ መኪና በስሌት ብቻ ቢታሰብ 45 ዲግሪ እስኪያጋድል ድረስ አይገለበጥም። ማእከሉ 5 ሴንቲሜትር ቢነሣ ይህ ወሰን ወደ 43 ዲግሪ፣ 10 ሴንቲሜትር ቢነሣ ወደ 41 ዲግሪ ይወርዳል። ስሌቱም ባሌስትራው ሲተጣጠፍ፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ ሲጫንና የመንገዱ ጠርዝ በዝናብ ሲናድ የሚሆነውን አልጨመረም። አባቶቻችን የተከዜን ገደል በበቅሎ ሲወርዱ ጭነቱን ዝቅ አድርገው ወደ ጎኗ አስጠግተው ያስሩ የነበረው፣ ከፍ ብሎ የታሰረ ጭነት በሜዳ ምንም ሳይሆን በገደል አፋፍ ላይ በቅሎዋን ይዟት እንደሚሄድ ስለሚያውቁ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፤ በፍጥረት ላይ የተጣለ ልክ ቅጣት ነውን ወይስ ጸጋ? በልቡናችን ውስጥ ያለው ምኞት ቅጣት ነው ይለናል፤ ልክ ያለው ነገር ሁሉ የተከለከለ ነገር ይመስለናልና። በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የሚቈጠረው መጽሐፈ ጥበብ ግን ፈጣሪ ፍጥረቱን ያለ መጠን እንዳልተወው ያስተምራል፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ስለ አካልና ስለ ብልቶች ሲናገር አንዱ ብልት ለራሱ ብቻ ሊያድግ እንደማይገባው አስረድቷል። መኪናውን የሠራ መሐንዲስ ለባሌስትራው የሰጠው ቁመት ለመሪው፣ ለፍሬኑ፣ ለዘንጉና ለሞተሩ የተሰጠ ቃልም ነው፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ያለ ፈቃዱ ይከፍላል። ስለዚህ ልክ ማለት ብዙዎች አብረው የሚኖሩበት ስምምነት ነው፤ ይህንም ስምምነት ሳይመረምሩ ማፍረስ፣ በብረትም ይሁን በሰው መካከል፣ የፍትሕ ጉድለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ መከራከሪያ ይነሣል፤ ሳይመለስ ሊታለፍም አይገባውም። በክረምት ወንዝ ማዶ በምጥ የተያዘች ሴት ብትኖርና ዝቅ ያለው መኪና በድንጋይ ላይ ተንጠልጥሎ ቢቀር፣ የልኩ መጠበቅ ለእርሷ ምን ይረባታል? ትሕትና ለሌላው መድረስን ካስቀረ ትሕትና መባሉስ በምን ይጸናል? መከራከሪያው እውነት ነው፤ ዝቅታ ለራሱ ሲባል የሚመረጥ ነገር አይደለም፣ ማንም ሰው በዝቅታው ብቻ አይጸድቅም። ሆኖም ይኸው መከራከሪያ ራሱ መለኪያውን ይሰጠናል። የምትጠብቀዋ ሴት የሚያስፈልጋት መኪናው ወንዙን መሻገሩ ብቻ አይደለም፤ እርሷን ጭኖ፣ ከነአስታማሚዎቿ፣ በዚያው ጠርዝ ላይ ሳይገለበጥ ወደ ጤና ጣቢያው መመለሱም ነው። ከፍታው ለመሄጃ የሚበቃውን ያህል ለመመለሻም መብቃት አለበት፤ መመለሻው ደግሞ ሁልጊዜ ከመሄጃው ይልቅ የከበደ ነው፣ ሰው ተጭኖበታልና።

ከዚህ ቀጥሎ፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ቢያስብበት የምወድደው ነገር አለ። ባሌስትራ በዘመን ብዛት ይዝላል፤ ቅስቱ ይዘረጋል፣ ቅጠሎቹ ይሰነጠቃሉ፣ ጎማው ወደ ፓራፋንጎው ይጠጋል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ መኪናው ከፍታ እንደ ጎደለው ይቈጥርና ከልኩ በላይ የሚያወጣውን ነገር ይፈልጋል፤ የጎደለው ግን የጥንቱ ልኩ ነው። በደልዳላ ስፍራ አቁሞ ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር በአራቱም በኩል የለካ ሰው፣ አንዱ ጎን ከሌላው ወርዶ፣ ኋላውም ከፊቱ ይልቅ ተዳክሞ ሊያገኘው ይችላል። እንዲህ ያለውን መኪና ከልክ በላይ ማንሣት በደካማ ላይ ሸክም መጨመር ነው፤ የዛሉትን ቅጠሎች መለወጥ፣ ያለቀውን ሾክ አብዞርበር መተካት ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ጭማሪ ሳይፈልግ የጠፋውን ቁመት ይመልሳል። አባቶች ስለ ንስሐ ያስተማሩንም ይህን ይመስለኛል፤ የወደቀ ሰው ንስሐ ሲገባ አስቀድሞ ወደ ተፈጠረበት ክብር ይመለሳል እንጂ ከባሕርዩ ውጭ የሆነ ሌላ ፍጡር አይሆንም። ከመመለስ በፊት ከፍ ማለትን የሚሻ ነፍስ የዛለውን እንደ ዛለ ትቶ በላዩ ይሠራል፤ የሠራውም በመጀመሪያው ቍልቍለት ይፈተናል።

የዚህ አገር ጠራቢዎች ስለ ልክ የነበራቸው ዕውቀት ከዚህ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባዋል። በላስታ ያለችው ቤተ ጊዮርጊስ ወደ ምድር ውስጥ 12 ሜትር ያህል ተጠርባ ወርዳ ጣሪያዋ ከአካባቢዋ መሬት ጋር ይተካከላል፤ ከሰቆጣ የማይርቀው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስም ከቋጥኝ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ድንጋይ ደራርቦ የሚገነባ ሰው ቢሳሳት ያፈርሰዋል፣ ይመልሰዋል፤ ከአለት ቀርጾ የሚያወጣ ግን አንድ ጊዜ የቈረጠውን ሊመልስ ስለማይችል፣ መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት የመጨረሻውን ልክ በልቡናው ጨርሶ ማየት ነበረበት። እኒህ ሰዎች ልዕልናን የፈለጉት ወደ ታች በመውረድና በመቀነስ ነው፤ ሥራቸውም ከስምንት መቶ ዓመታት በኋላ ዛሬም ይቀደስበታል። የዋግ ገዥዎች የነበሩት ዋግሹሞችም የዘር ሐረጋቸውን የሚያገናኙት ቤተ ጊዮርጊስን ካሠሩት ከዛጔ ነገሥታት ጋር ሲሆን፣ ትውፊት እንደሚለው ዛጔዎቹ በ13ኛው መቶ ዓመት ዘውዱን ለይኩኖ አምላክ ሲለቅቁ የዋግን ግዛት ለዘራቸው አስቀርተዋል። የታሪክ ሊቃውንት በነገሩ ቢከራከሩም፣ የዋግ ሰው ለትውልድ ሲያወርሰው የኖረው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ከከፍታ ፈቅዶ የወረደ ቤት ለብዙ መቶ ዓመታት ሊጸና ይችላል።

ውዳሴ ከንቱም በዚህ ጉዳይ ላይ ድርሻ እንዳለው መካድ አይቻልም። በአስፋልት ከተማ ውስጥ እንደ ግንብ የተነሣ መኪና ዐይን ይስባል፤ ያ ዐይን ግን ከመኪናው ውጭ ቆሞ የሚያይ ዐይን ነው፣ ገደል ላይ አብሮ አይቀመጥም። ለተመልካች ሲባል የተመረጠ ከፍታ አንድ ምልክት አለው፤ ወሰን የለውም፤ ነገ ከዚህ የሚበልጥ ሌላ መኪና ሲመጣ ያንሳልና። ለሥራ የተመረጠ ከፍታ ግን ሥራው ሲከናወን ይበቃዋል። ሰው ከፍታውን ለማን ብሎ እንደ መረጠ ለማወቅ የሚሻ ቢኖር፣ «በቃኝ» የሚልበት ስፍራ እንዳለውና እንደሌለው ራሱን ይመርምር።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው። አሮጌ ላንድክሩዘር ያለው የዋግ ሰው አስቀድሞ የዛለውን ወደ ልኩ ይመልስ። ከዚያ በኋላ መኪናው ዘወትር ከባድ ጭነት ይዞ የሚሄድ ሆኖ ኋላው ቢሰግድ፣ ለዚያው ጭነት የተሠራ ጠንካራ ባሌስትራ ያስገባ፤ ከፍታም ቢጨምር ከ5 ሴንቲሜትር አያሳልፈው፣ ከእርሱም ጋር የፍሬኑን ቱቦ፣ ሾክ አብዞርበሩንና የዘንጉን አቋም አብሮ ያስተካክል። ጎማውን በፋብሪካው ቁመት ዙሪያ ያጽናው፤ ጠባቡና ረጅሙ 7.50 በ16 ጎማ ለዐይን ትሑት ቢመስልም ጭቃውን ቈርጦ ወደ ጽኑው መሬት ይደርሳል፣ በሁለት ድንጋዮች መካከልም ይሾልካል፣ ሲቀደድም በትንሽ ከተማ ያለ ጎሚስታ በከመነዳሪ ሊጠግነው ይችላል። ሌላው ሁሉ የማይገኝበት ስፍራ ላይ ከጎረቤት ጋር አንድ ዐይነት ጎማ መያዝ ራሱ ትልቅ ጥበብ ነው፤ የተቸገረ ከባልንጀራው ተውሶ ይደርሳልና።

የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ግን መሪ የጨበጠው ሰው ብቻ ሊሆን አይገባም። ከኋላ በተቀመጡት መካከል እጅግ ደካማው፣ ሕፃን ያቀፈችው ወይም በቃሬዛ የተኛው፣ በዚያ ከፍታ ሳይፈራ ሊጓዝ ይችላልን? ከፍ ያለ ሥልጣን፣ ከፍ ያለ ዕውቀት፣ ከፍ ያለ ሀብት የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ስለ ራሱ ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ሰው ከፍ የሚለው የተሸከማቸውን ለማድረስ ነውና፣ እነርሱን የሚያናውጥ ከፍታ ምንም ያህል ቢያስደንቅ ከልክ አልፏል፤ እነርሱን በደኅና የሚያደርሰው ግን፣ ዝቅ ያለ ቢመስልም፣ በእግዚአብሔርም በሰውም ዘንድ የተወደደ ከፍታ ነው።